ተኝቷል ወይስ ነቅቷል?

የአባቴ ሽጉጥ ከኋላው በአውራ ጣት የሚሳብ መምቻ ነበረው። መምቻው ወደ ኋላ ተስቦ እንደሆነ ነቅቷል እንላለን፤ ወደ ፊት ከተመለሰ ተኝቷል። እኛ ዘንድ ለዕርቅ የሚመጣ ሰው መሣሪያውን አስተኝቶ ነው የሚገባው፤ ሽማግሌውም ይህን በዓይኑ ሳያይ አያስገባም።

ባለፈው በጋ በእርሻ ድንበር የተጣሉ ሁለት ሰዎችን ላስታርቅ ቤቴ ጠራሁ። አንዱ የእህቴ ልጅ ነው፤ ከንፋስ መውጫ መጣ። ወገቡ ላይ ያየሁት ቁርጥ የአባቴን ሽጉጥ ነው፤ ደስ አለኝ። ተቀብዬ ስይዘው ግን ቀለለኝ። እጀታው እንጨት አይደለም፤ መምቻም አጣሁበት።

«ይኸ ተኝቷል ወይስ ነቅቷል?» አልኩት።

«አጎቴ፣ መልኩ የዱሮው ነው፤ አሠራሩን ነው የለወጡት። መምቻው ከውስጥ ገብቷል፤ አይታይዎትም።»

«ታዲያ መተኛቱን በምን ልወቅ?»

«እኔ አውቀዋለሁ።»

ባላጋራው በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «እሱ የሚያውቀውን ነው እኮ እኔ የምፈራው» አለ።

የእህቴ ልጅ ሳቀና ሽጉጡን ከእጄ ተቀብሎ ካዝናውን ከነጥይቱ አውጥቶ ሰጠኝ። አሁንስ ባዶ ነው ብዬ ሰውየውን ግባ ልለው ስል፣ ልጁ ሽጉጡን ከላይ ሳብ ቢያደርገው ከውስጥ ቀርታ የነበረች አንዲት ጥይት ዱብ አለች። ሳቁም ቀረ።

ዕርቁ ተጀመረ። ሽጉጡ መደቡ ላይ ነው፤ ጥይቱ በሙሉ እኔ ኪስ ነው። ቢሆንም ዓይኔ ከእሱ አልነሣ ብሎ፣ ማን ምን እንዳለ በቅጡ አልሰማሁም። መታረቃቸውን ያወቅሁት ተነሥተው ሲሳሳሙ ነው።