የባሌን ስም ፍለጋ፣ ከሐይቅ እስከ ግሸን በእግር

ልጄ ትዕግሥት ዘንድሮ የዓመት ፈቃዴን ሐዋሳ፣ እሷ ዘንድ እንዳሳልፍ ፈልጋ ነበር። «እማ፣ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለሽ ዓሣ ትበያለሽ» አለችኝ በስልክ።

«ሐይቅ ዳርማ ተቀምጬ ነው የማወራሽ፤ ዓሣውም እዚሁ አለ» አልኳት።

ሳቀች። ግሸን ማርያም በእግሬ እንደምሄድ ስነግራት ግን ሳቋ ቆመ። «በዚህ ጉልበትሽ? መኪና ሞልቶ?»

መኪና መኖሩን አውቃለሁ። ረጅም መንገድ በእግሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት ግን ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ፣ ከባለቤቴ ከተሾመ ጋር ወደ ደሴ ስንሸሽ ነበር። የልብ ሕመም ነበረበት፤ መንገድ ላይ አረፈ። የቀበሩት ቄስ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቀውም። ተሾመ ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትር ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ ስጠይቀው «ተሾመ ብለሽ ስትጠሪኝ መች ቀረሁብሽ?» ብሎ አሳቀኝና በዚያው ቀረ። እናትና አባቱ ሞተዋል፤ ወንድም እህት የለውም። ቄሱ «ይህ አገልጋይህ» እያሉ ፍትሐቱን ጨረሱ። እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የሰው ስም ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። የገዛ ባሌ ስም በጸሎት ሳይጠራ መቅረቱ እንቅልፍ ነሳኝ።

ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ የክርስትና አባቱ አያ ደምሴ፣ ከውጫሌ ማዶ በአንዲት የአምባሰል መንደር የሚኖሩ። ስሙን ከእሳቸው ተቀብዬ ግሸን ላይ ላስጠራው ቆረጥኩ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ እረፍት አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከሐይቅ ውጫሌ

ለመስከረም ሃያ አንዱ የግሸን በዓል አምስት ቀን ሲቀረው ከጎረቤቴ ከእታገኝ ጋር ማለዳ ወጣን። ስንቃችን በሶ፣ ዳቦ ቆሎና በሃይላንድ የተሞላ ውኃ ነው። እሷ ላስቲክ ጫማ፣ እኔ ልጄ የላከችልኝን ነጭ ስኒከር ተጫምተናል።

«አንቺ፣ ግሸን ነው ወይስ ሩጫ ውድድር የምትሄጅው?» አለችኝ።

«ቀድሜሽ ስገባ ታይዋለሽ።»

ሐይቁ ከኋላችን እየራቀ ሄደ። ማሳው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ በየመንገዱ ዳር ሴቶች በቆሎ ይጠብሳሉ፣ አንዱን በሃያ ብር። የሚኒባስ ረዳቶች «ግሸን ሂያጆች፣ ግቡ እንጂ!» እያሉ ያልፉናል። አንድ የተቃጠለ ከባድ መኪና ሣር በቅሎበት ቆሟል። እዚያ ጋ ስንደርስ ከኋላችን ሲኖትራክ መጣና ሳላስበው ዘልዬ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ስንሸሽ እንዲያ ነበር የምናደርገው።

እታገኝ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። «ማንም አያባርርሽም። ዛሬ በገዛ ፈቃድሽ ነው የምትሄጅው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ መኪና ሲመጣ ዳር ይዤ መራመዴን ቀጠልኩ። ምሽት ላይ ውጫሌ ገብተን፣ አልጋ በሁለት መቶ ብር ተከራይተን፣ እግራችንን ጨው ባለበት ሙቅ ውኃ ዘፈዘፍን።

ሁለተኛው ቀን፦ አምባሰል

ከውጫሌ በኋላ አስፋልቱን ትተን ሽቅብ ወጣን። መንደሯ ስንደርስ የአያ ደምሴ ቤት ተዘግቷል። ከአጥሩ ማዶ ጤፍ የሚያርሙ አንድ ሽማግሌ ቀና አሉ። አያ ሰይድ ይባላሉ።

«አያ ደምሴን ፈልጌ ነበር።»

«ዘገየሽ ልጄ። አምና ሰኔ ላይ አፈር አለበስነው።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስሙ ከእሳቸው ጋር ተቀብሯል ብዬ አሰብኩ። የመጣንበትን ጉዳይ የነገረቻቸው እታገኝ ናት። ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝ።

«የተሾመ ሚስት ነሽ?»

«ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ! አብሽሪ፣ አብሽሪ! አደራሽ እኔ ዘንድ ነው።»

አያ ደምሴ የተሾመን ሞት ሰምተው ኖሯል። «በሰው አገር ማን ስሙን ያውቅለታል? አንድ ቀን ጠያቂ ይመጣል» ይሉ ነበር አሉ። ሲታመሙ ጎረቤታቸውን አያ ሰይድን ጠርተው ስሙን አስያዟቸው።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ የት ልጻፈው?» አሉኝ። «እንዳይጠፋኝ ሶላቴን በጨረስኩ ቁጥር አንድ ጊዜ ለራሴ እለዋለሁ። ወልደ ገብርኤል ነው። ጅብሪል የኛም ነውና ወላሂ አልከበደኝም።»

ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት። ስለቸኮልኩ የመጀመሪያው አልነበብ አለኝ፤ ደግሜ ጻፍኩት። አያ ሰይድና ባለቤታቸው ሳያድሩ አትሄዱም ብለው አሳደሩን።

ግሸን

የሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ገደል መውረድና ገደል መውጣት ነበሩ። የግራ እግሬ ጥፍር ጠቆረ። የመጨረሻው ዳገት ላይ እታገኝ ተቀመጠች።

«አንቺ ሯጭ፣ ቆይኝ እንጂ!»

ቆየኋት፤ የግሸንን በር አብረን ገባን።

የግሸኑ ቄስ ስሙን በብጣሽ ወረቀት ተቀበሉኝ። በበዓሉ ማግስት በፍትሐት ጸሎት ከብዙ ስሞች መካከል አነበቡት። በችኮላ ነበር የተነበበው፤ አጠገቤ የቆመችው ሴት ልብ ያለችው አይመስለኝም። እኔ ግን ሰማሁት። ከሞተ ወዲህ ያላለቀስኩትን ሁሉ እዚያ አልቅሼ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።

መልስ

ስንመለስ አያ ሰይድ በራቸው ላይ ጠበቁን።

«ደረሰ?»

«ደረሰ፣ አያ ሰይድ።»

«እንግዲህ ልርሳው?»

«አሁንማ አንቱም ይረፉ።»

«አይ፣ ለምዶኛል። እንዲሁ እለዋለሁ።»

ሐይቅ ስገባ ስኒከሩ ነጭ አልነበረም። ከቤቴ በር እስከ ግሸን በር ያለውን መንገድ አሁን በእግሬ አውቀዋለሁ፤ ከእንግዲህ መንገድ ሳይ ሽሽት ብቻ አይደለም የሚታወሰኝ። የሰው ስም ጽፎ መያዝ ሥራዬ ነው፤ የቅርቤን ሰው ግን ሳልጠይቅ መኖሬን ይህ ጉዞ አሳየኝ።

ማታውኑ ትዕግሥት ደወለች። «እማ፣ ደህና ገባሽ? እግርሽስ?»

«እግሬ ይድናል። ወረቀትና እስክሪብቶ አለሽ?»

«አለ። ምን ልጻፍ?»

«የአባትሽ የክርስትና ስም፣ ወልደ ገብርኤል። ከሥሩ ደግሞ የኔን ጻፊ፤ ወለተ ኪዳን።»

እስክሪብቶው ወረቀት ላይ ሲሄድ በስልኩ ሰማሁት።