ጀርባዬን ሰጥቼ የጠራሁት ስም

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት እግር ነበር። አሥር ሰው ግድግዳውን ተደግፎ እግሩን ወደ መሃል ዘርግቷል፤ መርገጫ የለም። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከሰፈራችን ልጆች ጋር ታፍሼ የገባሁበት የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አንድ ጫማዬ ባመጣን መኪና ላይ ቀርቷል።

«ና፣ እዚህ ጋ፤» አሉኝ መነጽራቸው በክር የታሰረ አንድ ሽማግሌ፣ እግራቸውን ሰብስበው። የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ።

በክፍሉ አንድ ሥርዓት ነበር። በቀን አምስት ዳቦ ለአሥራ አንድ ሰው ይገባል። መምህሩ ከብርድ ልብስ በመዘዙት ክር ይቆርጡታል፤ ቁራሹ ግን እኩል አይሆንም። ስለዚህ ከሁሉ ታናሽ የሆነው ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቆማል። መምህሩ አንዱን ቁራሽ በጣታቸው ነክተው «ይቺስ የማን ናት?» ይላሉ፤ የዞረው አንድ ስም ይጠራል። ስለማያይ አያደላም። የሚዞረው እኔ ሆንኩ።

«ገለልተኛ ታዛቢያችን ቆመ፤» ይላል ከሥራው ላይ የተያዘ የታክሲ ረዳት። «እኔ ግን ትልቋ ስትነካ እስላለሁ፤ አደራህን።»

«ከሳልክ ያቺ የመጨረሻዋ ያንተ ናት፤» ይሉታል መምህሩ።

እንስቅ ነበር።

መምህሩ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ፣ ጥፍር በምታክል እርሳስ ስባሪ፣ የታሳሪዎችን ስምና ማን ምኑን እንደተመታ ይጽፉ ነበር። ወረቀቱ ለእጥበት ከሚላክ ልብስ ጋር ተደብቆ ለቤተሰብ ይወጣል። የኔንም ስም ጠይቀው ጻፉ። «እናትህ የት እንዳለህ ትወቅ፤» አሉኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱ በር ላይ ተያዘ። ጠዋት እኔ ተጠራሁ። መርማሪው ወንበር ላይ አስቀምጦኝ ከኋላዬ ቆመ። ያ የሲጋራ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ውስጥ እግሬን ተገርፌያለሁ። በዚያ ቀን ግን ማንም አልነካኝም። ይህን ባልጽፈው ማንም አያውቅብኝም ነበር።

«የማን ጽሑፍ ነው?»

ዓይኔን ከወረቀቱ ላይ አነሳሁ።

«እናትህ በር ላይ ናት። ስሙን ንገረኝና ዛሬውኑ አብረሃት ቤትህ ትገባለህ።»

ጠራሁት። ድምፄ ለዳቦው ስጠራ እንደሚወጣው ሆኖ ወጣ።

የመፈቻ ወረቀቴ እስኪያልቅ ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ዳቦው ተቆርጦ እየጠበቀኝ ነበር።

«ዙር፣ ታዛቢ፤ ራበን እኮ፤» አለ ረዳቱ።

ዞርኩ። የራሴን ጨምሬ አሥር ስም ጠራሁ። አንድ ቁራሽ ቀረ።

«ይቺስ የማን ናት?» አሉ መምህሩ።

አፌ አልከፈት አለኝ። ግድግዳው ላይ ሰው በጥፍሩ የጫረው መስመር ነበር፤ እሱን እያየሁ ቆምኩ። ረዳቱም አልቀለደም።

«ስሜን ጥራው እንጂ፣ ልጄ፤» አሉ በዝግታ። «ዳቦዬን በልቼ ልሂድ።»

ማወቃቸው ገባኝ። ጠራሁ። ሳይቸኩሉ በሉ። ጉልበታቸው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ ለቅመው ጨረሱ፤ ክሩን ለረዳቱ ሰጥተው «እኩል ቁረጥ» አሉት፤ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ። በሩ ሲከፈት ቆመው ነበር።

እኔ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጫማ ከእናቴ ጋር ወጣሁ። እሳቸው ወዴት እንደተወሰዱ አላውቅም። ጠይቄ ነበር ብል ውሸት ነው፤ መልሱን ፈርቼ አልጠየቅኩም።

ከዓመታት በኋላ ለንደን፣ ክሮይደን የጥገኝነት ኢንተርቪው ስደረግ «በምርመራ ላይ የሰው ስም ሰጥተሃል?» ተባልኩ። «አልሰጠሁም» አልኩ። አስተርጓሚዋ ቀና ሳትል አሻገረችው። ትምህርቴ በእስሩ ተቋርጦ ስለቀረ የጎደለኝን ከላይብረሪ ብቻዬን ለቀምኩ። ወለድኩ። ከልጆቼ ውሸት አልታገስም፤ ሲናገሩም ፊት ለፊት እያዩኝ እንዲናገሩ አስገድዳለሁ። ይህን የሚያዛቸው ሰው ማን እንደሆነ አያውቁም ነበር።

በቅርቡ አርችዌይ ባለው ቤታችን ሳህን ሳጥብ ትልቋ ልጄ ደብተሯን ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ሆምወርክ አለኝ። ፓረንት ኢንተርቪው ማድረግ ነው። ቲንኤጀር የነበርከውን አንተን ብታገኘው ምን አድቫይስ ትሰጠዋለህ? ጀስት አምስት መስመር።»

«በርታ በለው።»

«ዳድ፣ ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚለው።»

ለዚያ ልጅ ምን ልበለው? ያልፋል ልበለው? አላለፈም። ልጅ ነህ፣ ፈርተህ ነው ልበለው? እውነት ነው፤ ግን ለመምህሩ ምንም አይመልስላቸውም። ምክር የሚጠቅመው ስሙን ገና ላልጠራ ሰው ነው። ላጽናናው ብል ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እኚያ ሰው እያወቁ «ልጄ» ብለውታል። እሱም ቢሆን ሲያስቡት ይከብዳል እንጂ አያጽናናም።

ቧንቧውን ዘጋሁ። እጄን አድርቄ ዞርኩና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ስማቸውን ነገርኳት፤ ከዚያ የቀረውን፣ ክሮይደን ያልኩትንም ጭምር። መጻፉን ተወችው። ደብተሯን እያየች፣

«ይሄን ልጻፈው?» አለችኝ።

«የኔን ጻፊ። የሳቸውን ስም ግን ተይው።»

ቀለለኝ ብል እዋሻለሁ። ስማቸውን እዚህም ያልጻፍኩት በአንድ ምክንያት ነው። ስማቸውን አንድ ጊዜ ሳላስፈቅዳቸው ሰጥቻለሁ።