ሽቦው የእኔ አይደለም

ከእሷ ጋር የተዋወቅነው ጎባ፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በክፍሉ ያለነው ሴቶች ሁለታችን ብቻ ስለነበርን አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት አልተነጣጠልንም። በጽሑፍ ፈተና እበልጣታለሁ። እሷ ግን እጅ ነበራት። አስተማሪያችን የተበላሸ ሬዲዮ ፊታችን ሲያስቀምጡ እኔ ምን ምኑ መለካት እንዳለበት በወረቀት ላይ እዘረዝራለሁ፤ እሷ ገልበጥ አድርጋ ታየዋለች፣ በአውራ ጣቷ ነካ ነካ ታደርገዋለች፣ ከዚያ "እዚህ ጋ ነው" ትላለች። አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ጋ ነው። ያኔም ቢሆን ትንሽ ያንገበግበኝ ነበር፤ ግን ጓደኛዬ ስለነበረች ስሙን ቅናት ብዬ አልጠራሁትም።

ስንመረቅ ሮቤ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ተከራየንና በሩ ላይ "ዳይናሞ እንጠቀልላለን፣ ኤሌክትሮኒክስ እንጠግናለን" ብለን አጻፍን። መጀመሪያ ላይ ሰው ወንድሞቻችን የት እንዳሉ ይጠይቀን ነበር። ቆይቶ ለመደን። የወፍጮ ቤት ሞተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ ቴሌቪዥን፣ የመስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም ወደ እኛ ይመጣል። አንድ ጠረጴዛ ነበረን፤ በመስኮቱ በኩል እሷ፣ በበሩ በኩል እኔ።

ከዚያ ዕቃ መጥፋት ጀመረ። መዳብ ሽቦ የሚልክልን የአዲስ አበባው ነጋዴ በስልክ ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ውጭ አገር ያሉት ፋብሪካዎች ለጦር መሣሪያ ሠሪዎች ነው አሁን የሚያመርቱት አለ። መዳቡም፣ ኮኔክተሩም፣ ትንንሾቹ ኮምፖነንቶችም ገና ከማሽን ሳይወርዱ ለድሮንና ለሚሳይል ይወሰዳሉ፤ ለእኔና ለአንቺ የሚደርሰው የተረፈው ነው። እኔ የማስበው ስለ ዶዶላና ሲናና ወፍጮዎች ነበር። የማላውቀው አገር ጦርነት እኔ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሽቦ ይወስዳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን አንድ የወታደር መኪና በራችን ላይ ቆመና አንድ ሻምበል የመገናኛ ሬዲዮ ይዘው ገቡ። የሬዲዮው ጆሮ ማድመጫ የሚሰካበት ክብ ኮኔክተር ውስጡ ካሉት ቀጫጭን እግሮች ሁለቱ ተሰብረዋል። አየሁትና ይኼ አይጠገንም፣ መለዋወጫው መምጣት አለበት አልኳቸው። መለዋወጫው ከታዘዘ ብዙ ወር እንደሆነው፣ ለእነሱም ተራ እንዳልደረሳቸው ነገሩኝ። እሷ ከመስኮቱ በኩል እጇን ዘረጋችና ኮኔክተሩን ተቀበለቻቸው። ከተቃጠለ ዳይናሞ ወፍራም መዳብ ቆርጣ፣ በሞረድ እየሳለች፣ ሁለት ቀን ሙሉ አጎንብሳ ሁለት እግር ሠራች። ሻምበሉ ሲመለሱ ሬዲዮው ይሠራል።

"ማን ነው የሠራው?" አሉ።

"እኛ ነን" አለች እሷ።

ሻምበሉ ግን የእሷን ጣቶች አዩ። ጣቶቿ በሞረድ ተፋፍቀው ቀልተው ነበር። የእኔ ደህና ነበሩ።

በሳምንቱ ካምፑ ውስጥ ባለው ጥገና ክፍል በኮንትራት እንድትሠራ ጠየቋት። የሚፈልጉት አንድ ሰው ነው። እሷ ልሂድ ወይስ ልቅር ብላ አማከረችኝ፤ ቅሪ ካልኳት እንደምትቀር አውቃለሁ። ሂጂ አልኳት። ያልኩት ግን እንድትሄድ ፈልጌ ሳይሆን፣ ቅሪ ካልኩ ቀንቼ መሆኑን እንዳታውቅብኝ ፈርቼ ነው።

መጀመሪያ ላይ ከሥራ ስትወጣ በሱቁ በኩል እየመጣች ታወራልኝ ነበር። በክፍሉ ውስጥ መሳቢያዎች እንዳሉ፣ የታዘዘው ዕቃ በመጨረሻ ደርሶ በየመሳቢያው ኮኔክተር በዓይነት በዓይነቱ እንደተደረደረ፣ የመዳብ ሽቦው ገና ከነላስቲኩ ሙሉ ጥቅል እንደሆነ። ምንም ክፋት አልነበራትም፤ ዕቃ የምትወድ ሰው ስለ ዕቃ ስታወራ ነው። እኔ ግን እያንዳንዷ መሳቢያ ደረቴ ላይ የምትከፈት ይመስለኝ ነበር። ደንበኛ ይገባና "ያቺኛዋስ?" ይላል። የለችም ስለው ዕቃውን መልሶ ይዞ የሚሄድ አለ። እናቴ እንኳ፣ የገዛ እናቴ፣ እንጀራ በልተን ሳንጨርስ እሷ እንዴት እንደሆነች ትጠይቀኛለች፤ ወታደር ቤት መግባቷ እንዴት እንዳኮራት ትናገራለች። አኮራኝ ብላ ስለ እኔ ተናግራ አታውቅም ነበር።

ቡና በሚለቀምበት ወቅት አንድ ሐጂ አንገቱ ከሚባለው ከተማ የሳነቴን ተራራ አቋርጠው የቡና መፈልፈያ ሞተራቸውን አመጡልኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከሃረና ጫካ ሰዎች የሚያመጡትን ቡና የሚፈለፍሉት በዚያች አንዲት ማሽን ነው። ሞተሩ ተቃጥሏል። ከፍቼ ስለካው ሙሉ በሙሉ መጠቅለል አለበት፤ ሽቦ ግን የለኝም። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቡናው ዝናብ ሳይመታው" አሉኝ፤ "ኢንሻአላህ አንቺ ታውቂበታለሽ።" እሳቸው እኔን አምነው ነው የመጡት፤ ስለ እሷ አልጠየቁም። ለዚህ ስል ብቻ ሞተሩን ሠርቼ መስጠት ፈለግሁ።

ያን ቀን እሷ ስትመጣ ከዚያ ጥቅል ጥቂት ሜትር እንድታመጣልኝ ጠየቅኋት። ነጋዴው ሲልክልኝ እንደምመልስም ነገርኳት።

"ሽቦው የእኔ አይደለም" አለችኝ።

ልክ ነበረች። ልክ መሆኗ ነው ያናደደኝ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሻምበሉ ባትሪ መሙያ ሊጠይቁ መጡ። እየወጡ ሳለ በር ላይ ቆም አሉና፣ ከዕቃ ክፍሉ አንድ ጥቅል መዳብ መጥፋቱን፣ ማንንም ለመወንጀል ሳይሆን እሷን የማውቃት እኔ ስለሆንኩ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ሊጠይቁኝ እንደፈለጉ ነገሩኝ። እዚህ ጋ የምናገረው አንድ እውነት ነበረኝ፤ እኔው ራሴ ጠይቄያት እምቢ እንዳለችኝ። አፌ ላይ ነበር።

"ጥሩ ልጅ ናት" አልኳቸው። "ለሰው እምቢ ማለት ብቻ አትችልም።"

ሻምበሉ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሄዱ። እኔ ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

በሦስተኛው ቀን ነገሩ እስኪጣራ ሥራ እንዳትገባ ነገሯት። ወደ ሱቁ መጣች፤ ምን እንደተፈጠረ ነገረችኝና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትንሽ አለቀሰች። አቀፍኳት። ከዚያ ጋውኗን ለብሳ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። መናገር የሚከብደኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ደስ አለኝ። እነዚያ ቀናት በሕይወቴ ደስ ካሉኝ ቀናት ናቸው። የሐጂን ሞተር አብረን ሠራነው፤ ከሦስት የሞቱ ዳይናሞዎች ሽቦውን እየፈታን፣ የተላጠውን እየቆረጥን፣ የቀረውን በመበየጃ እያገናኘን፣ ቀለም እየቀባን። እሷ ትጠቀልላለች፣ እኔ ዙሩን እቆጥራለሁ። ሐጂ ሞተሩን ሲወስዱ ሁለታችንንም መረቁን፤ እኔ አሜን ስል እሷን ማየት አልቻልኩም።

የጠፋው ጥቅል ተገኘ። በስህተት ወደ ሌላ ካምፕ ከሚሄድ ዕቃ ጋር ተጭኖ ኖሯል። ሻምበሉ ራሳቸው ሱቁ ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠየቋትና እንድትመለስ ነገሯት። ሲያወሩ ውጭ ስለነበሩ ምን እንዳሏት አልሰማሁም። ተመልሳ ስትገባ ግን አልተቀመጠችም።

"ስለ እኔ ሲጠይቁሽ፣ ሽቦ ጠይቀሽኝ እምቢ እንዳልኩሽ አልነገርሻቸውም?"

"አልነገርኳቸውም።"

"ለምን?"

ብዙ መልስ ነበረኝ። ረሳሁት፣ ደነገጥኩ፣ በቅን ልቤ ነው ማለት እችል ነበር። እሷ ግን የተበላሸ ዕቃ እንደምታይበት ዓይን እያየችኝ ነበር፤ የት ጋ እንደሆነ ቀድማ አግኝታዋለች።

"ቀናሁብሽ" አልኳት።

አልጮኸችም። "እኔ ልቅር ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር እኮ" አለችኝ፤ ከዚያ ሞረዷንና ፒንሳዋን በቦርሳዋ ከተተች። ይቅርታ አልኳት፣ ደጋግሜ አልኳት። እሺ አለች። እሺ ያለችው ግን እንድተዋት ነበር፤ ይቅር ስላለችኝ አይመስለኝም።

ካምፑ ተመለሰች። አሁንም እዚያው ናት። እንዳልተጣላን ለማሳየት ይሁን ወይም ሥራዬን አምናበት ይሁን አላውቅም፣ አንዳንዴ እሷ የላከችው ደንበኛ ይመጣል። ሽቦ አሁንም እንደልብ አይገኝም፤ ነጋዴው ሲገኝ ይልካል፣ ሳይገኝ አሮጌ ዳይናሞ እፈታለሁ።

ባለፈው ጎባ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አገኘኋት። ከፊቴ ባለው ወንበር ላይ ነበረች፤ አንዲት የወታደር ልብስ የለበሰች ወጣት ሴት አጠገቧ ተቀምጣለች። ጓደኛዬ ዞር ብላ ሳመችኝ፤ እናቴን ጠየቀችኝ። ከዚያ ለልጅቷ፣ "አብረን ነው የተማርነው" አለቻት። ልጅቷ በአክብሮት ጎንበስ አለችልኝና እሷ ወደ ጀመረችው ወሬ ተመለሱ። ስለ አንድ ኮኔክተር ነበር የሚያወሩት። እሷ በአውራ ጣቷ አየር ላይ እያሳየች፣ እግሩ እንዴት እንደሚሳል ታስረዳታለች። ልጅቷ ቀረብ ብላ ትሰማለች። እስከ ሮቤ ድረስ፣ በመስኮቱ የስንዴውን ማሳ የማይ መስዬ፣ የቀናሁት በዚያች ልጅ ነበር።