ጠርጥር በሁለት ቤት ሲበላ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ቤተልሔም አንድ ቡችላ አቅፋ መጣች። ሆዱ ከራሱ የሚበልጥ፣ እግሩ ገና የሚወላገድ ቡችላ ነው። ከእቅፏ ሳታወርደው በአንድ እጇ ስልኳን አወጣች።

«እማማ፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚበላው? አንዱ ሦስት ይላል፣ ሌላው አራት። መጠኑ ደግሞ እንደ ኪሎው ነው ይላል።»

ውሻ በኪሎ ሲታሰብለት ሰምቼ አላውቅምና ሳቄ አመለጠኝ። እሷም አኮረፈች። የሳቅኩት ግን በእሷ አልነበረም። በደርግ ዘመን፣ ይህቺው ከተማ በአፋችን «አዋሳ» ሳለች፣ ይኸው ጥያቄ እኛን ቤት ሊያምሰን ደርሶ ነበር። ነገሩ ትዝ ሲለኝ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ያስቀኛል፣ ቀጥሎ ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

አባዬ የመንዝ ሰው ነው። የመንግሥት ሥራ ይዞ አዋሳ ሲወርድ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር የቀበሌ ቤት ተሰጠን። ውሻውን ያመጣውም፣ ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ጠርጥር አለው። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ይወድ ነበር። ዘመኑም እንደ ስሙ ነበር፤ እማዬ ውሻውን ጮክ ብላ ስትጠራ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ደንግጦ ዞር ዞር ይላል።

በውሻው አመጋገብ ላይ የአባዬ ደንብ አጭር ነው። በቀን አንዴ፣ ሊመሽ ሲል፣ አንድ ጣሳ። ጣሳዋ የቲማቲም ድልህ የነበረባት፣ ከንፈሯ የተጣመመ ነበረች። ከዚያ በላይ አንዲት ጉርሻ ከተጨመረች ቁጣ ነው።

«የጠገበ ውሻ ይተኛል» ይለን ነበር። «እኔ የምፈልገው የሚጮህ ነው።»

የሚጮኸው ለሌባ አልነበረም። ከእኛ ቤት ሌባ ምን አባቱ ሊወስድ! ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ቤት ተቀምጧል። ጊዜው የብሔራዊ ውትድርና ነው፤ ጎረምሳ ከመንገድም፣ ከአልጋ ሥርም ይታፈሳል። ከእኛ ዝቅ ብሎ ያለው ቤት ልጅ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ በዚያው ቀረ። እናቱ ከዚያ ወዲያ የዳቦ ሰልፍ በተሰለፍንበት በኩል አልፋ አታውቅም።

ስለዚህ አንድ ዘዴ ነበረን። ጠርጥር የፊት በሩ ሥር ይተኛል። እሱ ከጮኸ ጌታሁን በጓሮ ይሮጥና በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ የእትዬ ዳንጊሴ እንሰት ውስጥ ይገባል። እትዬ ዳንጊሴ ከኋላችን የምትኖር የሲዳማ ሴት ነበረች። ከሐይቁ ዳር ዓሣ እያመጣች ጠብሳ ትሸጣለች። በእምነቷ ጴንጤ ናት። ያኔ የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶባቸው ስለነበር በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚዘምሩት። እኛም እንሰማለን፣ ግን አንሰማም።

ሁዳዴ ገባ። በእማዬ ቤት ነፍስ ያለው ሁሉ ይጾማል፤ ጠርጥርም ጭምር። አጥንቱ ቀረ፣ መረቁ ቀረ፤ የጣሳዋ ቀለብ በሽሮ የታሸ እንጀራ ብቻ ሆነ። እኛ ፊታችን ገርጥቶ አንገታችን ሲቀጥን ጠርጥር ወፈረ። ጸጉሩ ቅቤ የተቀባ መሰለ።

«በሁዳዴ የሚወፍር ውሻ!» አለ አባዬ። «ይሄ ነገር አለው።»

አንድ ቀን እማዬ አንገቱን ይዛ አፉን አሸተተችው። «ዓሣ!» ብላ ጮኸች። ነጠላዋን እየጎተተች ወደ አጥሩ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። እትዬ ዳንጊሴ ዱካ ላይ ተቀምጣ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት ትፍቃለች።

«ዳንጊሴ! ውሻዬን አስገደፍሽብኝ?»

«ውሻ ጾም አለው እንዴ?» አለች እትዬ ዳንጊሴ፣ ከልቧ ገርሟት። «ቄስ ነው? ድቁና ተቀብሏል?»

«በእኔ ቤት እስካለ ድረስ ይጾማል!»

«አንቺ ቤት መቼ ሰጠሁት? እኔ ቤት ሲመጣ ነው። ጠዋት አንድ የዓሣ ራስ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ። ይርበዋል እኮ፣ አንጀት ይበላል።»

አባዬ ከውስጥ ሰምቶ ኖሮ እየሮጠ ወጣ። «በቀን ሦስቴ! ዘበኛዬን አስተኛችው!»

እማዬ የተናደደችው በዓሣው፣ አባዬ በሦስቱ። ብቻ ሁለቱም ተስማምተው አኮረፉ። ሰፈሩ ደግሞ ነገር አገኘ፤ «የእነ ጌታሁን ውሻ ጴንጤ ሆነ» ተባለ። አባዬ ቀዳዳውን ሊደፍን የግራር እሾህ ቆርጦ እየጎተተ መጣና አጥሩ ሥር ሲደርስ ቀጥ አለ። ቀዳዳው የጠርጥር ብቻ አልነበረማ! እሾሁን ጥሎ እያጉረመረመ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እማዬና እትዬ ዳንጊሴ ሰላምታ ተዉ። እኔ በጣም ይከፋኝ ነበር፤ ትኩስ ቆጮ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ በአጥሩ ላይ የምታቀብለኝ እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያስጮኸዋል፤ ከሐይቁ በኩል እንኳ ነፋስ የለም። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ቤት ነኝ። አባዬ ቢሮ ነው። እማዬ ለቅዳሴ ልትወጣ ነጠላዋን ታጣፋለች፤ የሁዳዴ ቅዳሴ መቼም ከሰዓት ነው። ጌታሁን ጓዳ ተጋድሞ ያነባል። ጠርጥር ጮኸ።

ጌታሁን መጽሐፉን ወርውሮ ወደ ጓሮ ሮጠ፤ ልማድ ነዋ። ማንኛችንም ጩኸቱ ከየት በኩል እንደመጣ ልብ አላልንም። ቀዳዳው ጋ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው ከእንሰቱ ማዶ የእትዬ ዳንጊሴ ድምፅ ሰፈሩን ሞላው።

«ጠርጥር! ጠርጥር! በዚህ አትምጣ! ተመለስ አልኩህ! ጠርጥር!»

ወዲያው የወንዶች ድምፅ ተሰማ። «ውሻውን ያዢው፣ ሴትዮ!»

«እየያዝኩት ነው፣ ልጆቼ! ይናከሳል፣ እንዳትጠጉት! ጠርጥር፣ ተመለስ!»

ለእነሱ ሴትዮዋ ውሻ ትጠራለች። ለእኛ ግን እያንዳንዷ ቃል ገባችን። ልጆች በጓሮ እንደሚያመልጡ አፋሾቹ ደርሰውበት ኖሮ ዋናዎቹ በሐይቁ በኩል ዞረው በእትዬ ዳንጊሴ ግቢ ነበር የገቡት። ጠርጥርም በዚያ ሰዓት የፊት በራችን ላይ አልነበረም። የቀን የዓሣ ራሱን ሊበላ ሄዶ ነበር።

እማዬን ያን ቀን ካየኋት ወዲህ ሴት ልጅ ደካማ ናት የሚለኝን ሰው ከልቤ እስቅበታለሁ። ጌታሁንን በክንዱ ጎትታ አስገባችው። የራሷን ሰፊ ቀሚስ ከላይ አጠለቀችበት፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኑ ድረስ አከናነበችው። እሷ ሌላ ከሳጥን መዘዘች።

«አሮጊት ሁን!» አለችው በሹክሹክታ። «ጎንበስ በል እንጂ፣ አንተ ግንድ!»

እንዲህ ሆነው በፊት በር ወጡ። መንገዱ ነጠላ በለበሱ ሰዎች ተሞልቷል፤ ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄደው። በራችን ላይ አንድ ጠመንጃ የያዘ ልጅ እግር ወታደር ቆሞ ነበር። ጎባጣዋን አሮጊት አየና መንገድ ለቀቀላት።

«እማማ፣ ለእኛም ይጸልዩልን» አለ።

አሮጊቷ አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ አለፈች። እኔ ቤት ቀርቼ ወታደሮቹ አልጋውን ሲገለብጡ፣ ጓዳውን ሲበረብሩ ግድግዳ ተደግፌ አያለሁ። ወንድምሽስ ሲሉኝ አዲስ አበባ ነው አልኳቸው። ከጓሮ እትዬ ዳንጊሴ አሁንም ውሻ እየያዘች ነው። አንድ ውሻ ለመያዝ ያን ያህል የፈጀ ሰው በአዋሳ ምድር አልታየም።

ቅዳሴ መሄዱን በአጥሩ ስነግራት እትዬ ዳንጊሴ ሰው ልካ ጌታሁንን ከዚያው በቀጥታ ቡሹሎ የሚባለው መንደር፣ እህቷ ቤት አስወሰደችው። አፈሳው ጋብ እስኪል እዚያው ከረመ። ሲመለስ ጉንጩ ሞልቶ ነበር። እዚያ ጾሙን ጾሞ ይሁን ገድፎ እማዬ አንድም ቀን አልጠየቀችው።

ያን ዕለት አባዬ ከቢሮ ገብቶ ሁሉንም ሲሰማ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ጣሳዋን አንስቶ እጁ ላይ አገላበጣት።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል አውቅ ነበር» አለ። «ሁለት ቤት ከበላ ለሁለቱም እንደሚጮህ ግን አላሰብኩም።»

እማዬ ተነስታ ወደ አጥሩ ሄደች፤ በቀዳዳው እንደ ልጅ ጎንበስ ብላ ሾለከች። እትዬ ዳንጊሴን አንገቷን አንቃ ሳመቻት። ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ፤ ጠርጥር በመሃል ጭራውን ይቆላል።

«ከነገ ጀምሮ ጠዋትና ቀን አንቺ፣ ማታ እኔ» አለች እማዬ ዓይኗን እየጠረገች። «ዓሣውን ግን…»

«ግን ምን?»

«ስትሰጪው አፉን አጥቢልኝ። ይሸተኛል።»

ጌታሁን ዛሬ ሽበታም አያት ነው፤ እሑድ እሑድ ምሳ እኛ ጋ ነው የሚበላው። ዓሣ ሲቀርብለት ራሱን ቆርጦ ሳህኑ ዳር ያስቀምጠዋል። ለማን እንደሆነ አይናገርም፣ እኔም አልጠይቅም። እትዬ ዳንጊሴ ካረፈች ቆየች። ለወንድሜ ዕድሜ ፈጣሪዬን ባመሰገንኩ ቁጥር እሷንም አብሬ አነሳለሁ፤ ነፍሷን በገነት ያኑርልኝ።

ይህን ሁሉ አውርቼላት ስጨርስ ቤተልሔም ጥያቄዋን አልረሳችም። «እና በቀን ስንት ጊዜ ላብላው?»

«ስንት ጊዜ እንደሆነ የእንስሳት ሐኪም ጠይቂ» አልኳት። «የት የት እንደሚበላ ግን እኔ ልንገርሽ። ከኋላችን ያለው ግቢ የማን ነው?»

አታውቅም። ለካ እኔም አላውቅም! በመካከላችን ጠርሙስ የተሰካበት ግንብ አለ፤ ጎረቤቶቻችንን የምናውቃቸው በመኪናቸው ጥሩንባ ነው። ነጠላዬን አደረግኩ፣ እሷም ቡችላውን አቀፈች፤ በመንገዱ ዞረን የብረት በራቸውን አንኳኳን። አንዲት ወጣት ሴት በሩን ገርበብ አድርጋ በጥርጣሬ አየችን።

«ማንን ፈልጋችሁ ነው?»

«የኋላ ጎረቤቶችሽ ነን፣ ልጄ» አልኳት። «ውሻችንን ልናስተዋውቅሽ ነው የመጣነው። በርሽ ላይ ሲመጣ እንዳታባርሪው፤ ከተረፈሽ አጉርሺው።»