በፊቴ የጠጣችው ውሃ

ከመካ ወደ ጅዳ የሚወስደው መንገድ በሐሳቤ ሲመጣ ሁልጊዜ የአስር ሶላት ሰዓት ነው። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጭኔ ላይ ትተኛለች፣ ልጅቷ ትከሻዬ ላይ ትተኛለች፣ እኔም ዓይኔን እንደገለጥኩ እተኛለሁ። ተራሮቹ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብለው የሚሄዱ ይመስሉኝ ነበር።

ልጅቷ መካ፣ ዛሂር ሰፈር ውስጥ የተቀጠርኩበት ቤት የመጨረሻ ልጅ ነበረች፤ ኻላ፣ አክስቴ፣ ትለኝ ነበር። ሕመሟ የደም ነው፤ አብሯት የተወለደ። በየጊዜው ጅዳ እየወሰድናት የሰው ደም ትወስዳለች። እናቷ፣ ማዳሜ፣ መርፌ ስታይ ራሷን ስለምትስት አልጋው አጠገብ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። እኔ ላይ ስትጮህ ግን አንድም ቀን ራሷን ስታ አታውቅም።

ሐኪሟ ነገሩን ያስረዳችን ጣቷን አጥፋ እያሳየች ነው። የጤነኛ ሰው የደም ሴል ክብ ነው፤ በቀጭኑ የደም ሥር ውስጥ እየተለመጠ ያልፋል። የእሷ እንደ ማጭድ ይቆለመማል፤ እርስ በርሱ ተጠላልፎ መንገዱን ይዘጋል። ሲዘጋ አጥንቷን ያማታል። ውሃ ካነሳት ደግሞ ይብስባታል። የሰው ደም የምትወስደው ክቡ በዝቶ መንገዱ እንዲከፈት ነው። እኔ ወሎ ውስጥ በአጨዳ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ማጭድ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርጭቆ ይዤ ከክፍል ክፍል እያሳደድኩ መድረሻ አሳጣኋት።

ረመዳን ገባ። እሷ እንዳትጾም ሐኪሟም ቤተሰቡም ከልክለዋታል። ግን አፈረች። እህቶቿ ሁሉ ጾመው እሷ ብቻ ስትጠጣ መታየቱ ከሕመሙ በላይ የከበዳት ይመስለኛል።

በእኛ ዘንድ ሴት በወር አበባዋ ቀናት አትጾምም፤ ቢሆንም በሰው ፊት አትቀምስም። ጓዳ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትጎነጫለች። እኔም ቀኔ ሲደርስ ከማዳሜ ፍሪጅ ጎን ተሸጉጬ እንዲሁ አደረግኩ። ልጅቷ ደረሰችብኝና በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ የራሷን ብርጭቆ ሞልታ አጠገቤ ወደ ግድግዳው ዞራ ቆመች። እነዚያን ቀናት እወዳቸው ነበር። ሁለት ሌቦች መስለን ጎን ለጎን ቆመን እንጠጣለን።

የእኔ ቀን አልቆ ጾሜን ጀመርኩ። እሷም እንደ ለመደችው ከእጄ ውሃውን ትቀበላለች፣ ሲንኩ ወዳለበት ግድግዳ ትዞራለች፣ ባዶውን ብርጭቆ ትመልስልኛለች። ጀርባዋን እያየሁ ጎበዝ እላታለሁ።

አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ምንጣፍ ላይ ተጠቅልላ አገኘኋት። እግሯን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ኻላ፣ አጥንቴ» አለችኝ።

ማዳሜ እየጮኸች መጣች። «ውሃ አልሰጠሻትም?»

«ወላሂ ሰጥቻታለሁ፣ ማዳም!»

«ያላ፣ ያላ፣ መኪና ውስጥ!»

በዚያ መንገድ ላይ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ትከሻዬ ላይ ሆና ስትቃትት፣ እንዳትሞትብኝ ብቻ እለምን ነበር።

ጅዳ ደርሰን የደሙ ከረጢት ተሰቀለ። ማዳሜ ኮሪደር ላይ ቀረች። ደሙ ጠብ ጠብ ይላል፤ እኔን ጾሙም ድንጋጤውም አድክሞኛል። በሕልም ይሁን በውን አላውቅም፣ ከጠብታው ጋር ወረድኩ። በቱቦው አልፌ ክንዷ ውስጥ ገባሁ፣ ሞቅ ባለው ጨለማ ከክቦቹ ጋር ተንሳፈፍኩ። ማጭዶቹ በር ላይ ተቆላልፈው ቆመዋል። አሳልፉን እንላቸዋለን፤ ቀስ እያሉ ፈቀቅ ይላሉ።

ድምፅዋ ቀሰቀሰኝ። ሕመሙ ቀለል ብሏት ነበር።

«ኻላ፣ ይህ የማን ደም ነው?»

«አላህ ይወቀው፣ ሀቢብቲ።»

«ጾመኛ ይሆን?»

«ይሆናል። ቢሆንም አፍጥሮ ውሃውን ከጠጣ በኋላ ነው የሚሰጠው። ሳይጠጣማ ምኑን ይሰጥሻል?»

ከረጢቱን ትክ ብላ አየችው።

«እኔ የሰጠሽኝን ውሃ ሲንኩ ላይ ደፋሁት» አለች። «አንቺ ጠምቶሽ እኔ ስጠጣ ያሳፍረኛል።»

እኔ ቁጣዬ ቅርብ ነው። «ብድግ ብዬ በጥፊ ባቀምስሽ ደስ ባለኝ!» አልኳት፤ እጄ ግን ፀጉሯን እየዳበሰ ነበር፣ እንባዬም ወረደ። «እኔን የሚያስጠማኝ አንቺ አለመጠጣትሽ ነው። ስትጠጪ እረካለሁ። ከእንግዲህ ግድግዳ የለም። ኸላስ።»

የመግሪብ አዛን ሲሰማ አንዲት ነርስ ቴምር አመጣችልኝ፤ ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተኝታ ነበር።

ወደ ዛሂር ከተመለስን በኋላ አንድ ቀትር ላይ ኩሽና ውስጥ ድስት አጥባለሁ። ሙቀቱ አያድርስ ነው፤ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል። ልጅቷ የቤቱን ትልቁን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞልታ ገባች። ወደ ግድግዳው አልሄደችም። ፊቴ መጥታ ቆመች፣ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተከለች፣ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ እያለ ጠጣችው። በአገጯ የወረደውን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ኻላ፣ ረካሽ?»

«ረካሁ» አልኳት፤ ወላሂ እውነቴን ነበር።