የእትዬ ጥሩነሽ ጥጥ የመለሰው ብርሃን

ሰሞኑን ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ዳር አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ ድሮን አስነስቶ ማሳ ሲቃኝ ገበያተኛው ሁሉ አንጋጦ ቆመ። «የሰብሉን ረሃብ ከላይ ሆኖ ያያል፣ እናቴ» አለኝ በትሕትና። ፈገግ አልኩ። እኔም ይህንኑ የሚሠራ መሣሪያ በእጄ ይዤ የዞርኩበት ጊዜ ነበር።

ከኮሌጅ እንደወጣሁ የግብርና ባለሙያ ሆኜ የተመደብኩት እዚሁ ስማዳ፣ ጥጥ በሚዘራበት ቆላ ነው። መሣሪያዬን ይዤ በበቅሎ ቁልቁል ወረድኩ። ነሐሴ ነው፤ ላይ ጭቃው ያዳልጣል፣ ታች ወበቁ ያፍናል።

እትዬ ጥሩነሽ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጥጥ አምርተውና ፈትለው የሚኖሩ ሴት ነበሩ። የዚያን ዓመት ጥጣቸው ቀጭጮ ቀረ። የባላቸው ታናሽ ወንድም አቶ መንግሥቴ በሬዎቹን ጠምደው ቆመዋል።

«በሽታ ነው፤ ገልብጠን ማሾ እንዝራበት» አሉ።

«መጀመሪያ ልየው» ብዬ ለመንኩ።

ቅጠል ከማዳበሪያ የሚያገኘውን ናይትሮጅን ሲጠግብ ከፀሐይ ብርሃን ቀዩን ይውጠዋል፤ ሲርበው ግን አብዝቶ ይመልሰዋል። መሣሪያው የሚለካው ይህንኑ ተመላሽ ብርሃን ነው። ደመናው ገለል ሲል ከጥጡ ራስ በላይ ይዤው በየመስመሩ ሄድኩ። ከበረቱ አጠገብ፣ ፍግ በጠገበ መሬት ከበቀለው ጥጥ ጋርም አስተያየሁት። ወንዝ ዳር ያለው ደህና ነው፤ ዳገቱ ላይ ያለው ተርቧል።

«በሽታ አይደለም፣ እትዬ። ያለችዎትን ዩሪያ ሁሉ ለዳገቱ ይስጡ።»

አቶ መንግሥቴ ሳቁ። «ብርሃን ነው የነገረሽ?»

«ካልሆነስ?» አሉኝ እትዬ ጥሩነሽ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

ማሾ የሚዘራበት ጊዜ ሊያልፍ ነው። «ካልሆነ፣ ያሳሳትኩዎ እኔ መሆኔን በሰው ፊት እናገራለሁ።»

እትዬ ጥሩነሽ ወደ አቶ መንግሥቴ ዞሩ። «በሬዎቹን ፍታቸው» አሉ።

ዩሪያውን ከየሥሩ አጠገብ ቀበርን፤ ማታውኑ ዘነበ። መስቀል ካለፈ በኋላ ስመለስ ዳገቱ በቅጠል ጠቁሮ አበባ ይዟል። አስቀድመው ያዩኝ አቶ መንግሥቴ ነበሩ። የጠበሱትን የበቆሎ እሸት ትኩሱን በእጄ አስያዙኝ።

ጥጡ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ፣ ለጥምቀት ወገዳ የወጡት እትዬ ጥሩነሽ እዚያው የሚኖሩትን አባቴን ከሕዝቡ መካከል ፈልገው አገኟቸው። «ጥጤን ያተረፈችልኝ ልጅ አባት እርስዎ ነዎት?» አሏቸው። «ሴት ልጅ ብቻዋን ቆላ ምን ትሠራለች?» ሲሉ የከረሙት አባቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ «አዎን፣ የኔ ልጅ ናት!» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርቻለሁ፤ ተመስግኛለሁም። በልቤ የምኮራው ግን በዚያ ክረምት ነው፤ ገና ማንም ሳያውቀኝ፣ የማውቀውን ሳላመነታ ስለተናገርኩና አንዲት ሴት የዓመት ጉርሷን አስይዛ ስላመነችኝ።