የጠገቡ ሽማግሌዎች

አገሬ ወሎ ነው፤ እንግሊዝኛ የማስተምረው ሮቤ ነው፤ ያን ሰሞን ልቤ የነበረው ግን ጎባ ነው። እዚያ ጤና ጣቢያ ከምትሠራ ልጅ ጋር ተስማምተን፣ የቀረን የአባቷ እሺታ ብቻ ነበር።

ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ አከራዬ ሐጂና ሁለት ጎረቤቶቻችን ናቸው። እስኪመለሱ ድረስ መቀመጥ ቢያቅተኝ የበግ ወጥ ሠርቼ ጠበቅኳቸው።

«ሐጂ፣ አባቷ ምን አሉ?»

«መጀመሪያ አጋርፋ ያለው ወንድሜ ይስማ ብለዋል። እሱ ሳይሰማ ከእኛ አፍ ምንም አይወጣም። ኢንሻአላህ ትሰማለህ።»

«እሺ፣ እስከዚያው ቅመሱልኝ እንጂ!»

«ተወው ልጄ፣ ይቅርብን።»

አንደኛው ጎረቤታችን ጭራሽ ፊቱን ከወጡ አዞረ። አለቀልኝ አልኩ። ሰው ካላዘነ የበግ ወጥ እንዴት እምቢ ይላል? ማታ ብቻዬን ልበላው ብሞክር አልወርድ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ክፍል ስገባ የዕለቱ ቃል «ኢንፈር» ነበር። «ከሚታየው ተነስቶ ያልተነገረውን መረዳት ማለት ነው» አልኳቸው። «ተናጋሪው ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ኢንፈር አያደርግም፤ ኢንፈር የሚያደርገው ሰሚው ነው።» የመጽሐፉ ምሳሌ እርጥብ መንገድ አይቶ ዝናብ እንደጣለ ማወቅ ነው። የእኛ መንገድ ደግሞ በክረምት መቼ ደርቆ ያውቃል! ሌላ ምሳሌ ስፈልግ በሆዴ የያዝኩት አመለጠኝ።

«ሽማግሌዎች የሰው ልጅ ሊጠይቁ ሄዱ። ሲመለሱ ወጥ ቢቀርብላቸው አንበላም አሉ። ምን ኢንፈር እናደርጋለን?»

«እምቢ ተብለዋል» ብዬ ልጽፍ ጠመኔውን ሳነሳ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከፊት የምትቀመጥ ተማሪ ሳቋን እየታገለች፣ «ጠግበው ነዋ፣ ቲቸር! ሽማግሌ እሺ ሳይባል የልጅቷ ቤት እህል ይቀምሳል እንዴ? እዚያ በልተው ነው የመጡት!» አለች።

ወሎም ልማዱ ይኸው ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል። ደስታዬን እንዳያዩብኝ ወደ ሰሌዳው ዞሬ የተጻፈውንም ያልተጻፈውንም መጥረግ ጀመርኩ።

ከኋላዬ ወንበር ተንኳኳ፤ ክፍሉ በሙሉ ተነሳ። «ባጋ ገመደን! እንኳን ደስ ያለዎት፣ ቲቸር!»

ሽማግሌዎቹ የማን እንደሆኑ ግን አልነገርኳቸውም ነበር።